ከጎንደር የተላከ ማመልከቻ፦ በሒሳብ የምርምር ፌሎውሺፕ ለማግኘት የተደረገ የሦስት ዓመት ጥረት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በጎንደር ከተማ ሒሳብ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር ላሉ ከፍተኛ የምርምር ተቋማት ስታመለክት ከጎኗ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ያዘጋጀቻቸው ሦስት ማመልከቻዎች በሙሉ ወደቁ። በሁለተኛው ዓመት ካቀረበቻቸው ሁለቱ አንዱ ተሳካ። በሦስተኛው ዓመት ያስገባችው ገና መልስ አላገኘም። ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳስቀምጠው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን፣ ያመለከተችባቸውን ተቋማትና ማንነቷን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

ጉዳዩ መመዝገብ አለበት ያልኩት ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ ተደጋጋሚ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ሥራቸው የሚያኮራ ወጣት የሒሳብ መምህራን ያመለክታሉ። የአመልካቹን ብዛት የምትጠቅስ አጭር የእምቢታ መልስ ትደርሳቸዋለች። ከዚያ በኋላ "እኛን ከዚህ ማን ይፈልገናል" ብለው ነገሩን ይተዉታል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የባልደረባዬን ወረቀቶች አብሬያት መስመር በመስመር ካየሁ በኋላ ግን ማመልከቻዎቹ የወደቁት ሒሳቧ ደካማ ሆኖ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ትምህርት ዘርፉ ነበር፤ የእሷን ጥያቄ አይናገርም። የመሰከሩላት ሰዎችም ጠባይዋን ያውቁ ነበር፤ ሥራዋን ግን አያውቁትም።

የአመልካቿ ሁኔታ

አመልካቿ በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ትገኛለች። የዶክትሬት ዲግሪዋን በ2014 ዓ.ም. በአገር ውስጥ አገኘች። የምርምር ዘርፏ የግራፍ ቅለማ ነው። ግራፍ ማለት በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች የተሠራ ሥዕል ነው፤ የግራፍ ቅለማ ደግሞ በመስመር የተገናኙ ሁለት ነጥቦች አንድ ቀለም ሳይደርሳቸው ሥዕሉን በስንት መንገድ መቀባት ይቻላል የሚለውን ያጠናል።

በሳምንት 15 ሰዓት ታስተምራለች፤ አብዛኛው ለምህንድስና ተማሪዎች የሚሰጥ ካልኩለስ ነው። የማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ ከ200 በላይ ወረቀት ታርማለች። ለምርምር የሚተርፋት ልጇ ከተኛ በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው።

ማመልከት እስከጀመረችበት ጊዜ ድረስ ሦስት ጽሑፎችን አሳትማለች። አንዱ ከአማካሪዋ ጋር የሠራችው ሲሆን በጥሩ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሁለቱ ግን ክፍያ ተቀብለው በአሥር ቀን ውስጥ በሚያትሙ መጽሔቶች ላይ የወጡ ናቸው። ለደረጃ ዕድገት የጽሑፍ ቁጥር ያስፈልግ ነበርና በዚያ አልፈርድባትም። ሌላም ትንሽ የሚመስል ችግር ነበር። በአንዱ ጽሑፍ የአባቷ ስም፣ በሌላው የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሰፍሯል። በአባቷ ስም ውስጥ ያለው "ጸ" ደግሞ በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ፊደል ተጽፏል። ስሟን በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ሦስት የተለያዩ ሴቶች የጻፉት ሊመስለው ይችላል።

በመጨረሻም ኢንተርኔት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የቀረው በመስመር የሚገባው ብቻ ነው። እሱም በሥራ ቦታዋ ሲኖር መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ተጠቃሚው ስለሚበዛ አንድ ገጽ ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ሻይ አዝዛ፣ ላፕቶፗን ከግድግዳው ሶኬት ሰክታ ትሠራ ነበር። ከመሸ ወጥቶ መሥራት አይታሰብምና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የተፈለገው ቦታ ምን ዓይነት ነው?

ከፍተኛ የምርምር ተቋም ሲባል ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ ይመስለዋል። ልዩነቱን አለማወቅ ማመልከቻውን ከመነሻው ያበላሸዋል። ፕሪንስተን የሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ተቋም የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ነው። በፓሪስ አቅራቢያ ያለው የከፍተኛ ሳይንሳዊ ጥናቶች ተቋም በ1958፣ ቦን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሒሳብ ተቋም ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋሙ። በእነዚህ ቦታዎች ተጋባዡ ተመራማሪ ክፍል ገብቶ የማስተማር ግዴታ የለበትም፤ ዲግሪም አይቀበልም። የሚሰጠው ቢሮ፣ መተዳደሪያ፣ ጊዜና አብሮት የሚያስብ ሰው ነው። ስለዚህ ለትምህርት ዕድል ስናመለክት እንደለመድነው ውጤት ቆጥሮ የሚያወዳድር የለም። ገምጋሚዎቹ የሚጠይቁት ይህ ሰው ቢመጣ ምን ሊያረጋግጥ እንደሚችልና ከማን ጋር እንደሚሠራ ነው።

ለእኛ ዓይነቱ ሁኔታ ታስበው የተዘጋጁ መንገዶችም አሉ። በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሳላም በ1964 አቋቋመው፤ ስሙ የፊዚክስ ይሁን እንጂ ሒሳብም አንዱ ክፍሉ ነው። ሳላም በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሶ ሲያስተምር በሙያው የሚያወያየው ሰው አጥቶ በ1954 ተመልሶ ለመሄድ ተገዷል። ማዕከሉን ሲመሠርት በአገሩ የሚሠራ ተመራማሪ አገሩን ሳይለቅ በየጊዜው መጥቶ የሚመለስበትን የአሶሺየት ፕሮግራም አብሮ ዘረጋ። ጎንደር ላይ ለብቻው የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ስለ ራሱ የተነገረ ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ደግሞ የአቤል ጎብኚ ምሁራን ፕሮግራም አለው፤ በታዳጊ አገር የሚሠራ፣ ዶክትሬቱን የጨረሰና በሙያው ጅማሬ ላይ ያለ ሒሳብ አዋቂ ውጭ ካለ የምርምር አጋሩ ጋር አንድ ወር እንዲሠራ ይደግፋል።

በመጀመሪያው ዙር እኔም ሆንኩ እሷ እነዚህን አነስተኛ በሮች አላየናቸውም። ዓይናችን ያረፈው የሙሉ ዓመቱ ፌሎውሺፕ ላይ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር፦ 2016 ዓ.ም.

አንደኛው ማመልከቻ ጭራሽ አልገባም። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 1 ነበር። አመልካቿ በጥናት ጠረጴዛዋ ፊት "ኅዳር 22" ብላ ጽፋ ለጥፋለች፤ ዲሴምበር 1 በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 22 ላይ ይውላልና። ነገር ግን 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር። በዚህ ምክንያት 2016 ዓ.ም. የገባው በሴፕቴምበር 12 ሲሆን እስከ የካቲት ድረስ እያንዳንዱ ቀን ከለመድነው በአንድ ተዛንፏል። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 1 የዋለው ኅዳር 21 ላይ ነው፤ በኅዳር ጽዮን። ዕለቱን ቤተ ክርስቲያን ዋለች። በማግስቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደርሳ ገጹን ስትከፍት ማመልከቻ መቀበል እንደቆመ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ጠበቃት። ፋይሎቹ በሙሉ ተዘጋጅተው ነበር። ወዲያው ደወለችልኝና "ጋሼ፣ ለካ ትናንት ነበር" አለች። ሌላ ቃል መጨመር አልቻለችም።

ሁለተኛው በጊዜው ገባ፤ ነገር ግን ከተጠየቁት ሦስት የምስክርነት ደብዳቤዎች ሁለቱ ብቻ ደረሱ። ሦስተኛውን እንዲጽፉ የተጠየቁት ባለሥልጣን ኢሜይላቸውን የሚከፍቱት በስልካቸው ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ስለተቋረጠ የተቋሙ መጠየቂያ ለሳምንታት ሳይነበብ ቆየ። ያልተሟላ ማመልከቻ ደግሞ ለገምጋሚ አይቀርብም። ሦስተኛው ማመልከቻ ግን ተሟልቶ ገብቷል። በመጋቢት ወር አራት መስመር መልስ መጣ፤ እምቢታ፣ ያለ ምክንያት።

ቀኑና ኢንተርኔቱ ያደረሱት ጉዳት ግልጽ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ሦስተኛው ነበር። ሁሉ ነገር ተሟልቶ ለምን ወደቀ?

የምርምር መግለጫው

በፋሲካ ሰሞን ቤቷ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ መግለጫውን አትመን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው፤ አምስት ገጽ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ እያነበብን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ ነበር፦ ይህን አንቀጽ በዘርፉ ያለ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር? መልሱ "አዎ" የሆነውን አንቀጽ በእርሳስ አጠርነው። ስንጨርስ ከአምስቱ ገጾች ሦስት ተኩሉ ታጥረዋል።

መግለጫው የሚጀምረው በሒሳብ አዋቂው ኦይለር ነበር፤ በ1736 ስለ ኮኒግስበርግ ሰባት ድልድዮች ከጻፈው። ከዚያ ወደ አራቱ ቀለሞች ጥያቄ (ጎረቤታሞች አንድ ቀለም ሳይጋሩ ማንኛውንም ካርታ ለመቀባት አራት ቀለም ይበቃል ወይ ወደሚለው) ይሻገርና አፔልና ሃከን በ1976 በኮምፒውተር እንዴት እንዳረጋገጡት ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው፤ በጥሩ ቋንቋም ተጽፏል። ነገር ግን የሚያነበው ሰው ይህን ሁሉ ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የእሷ ጥያቄ የሚገኘው በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ "በተጨማሪም" በሚል ቃል በሚጀምር ግማሽ አንቀጽ ውስጥ ነው። የራሷን ውጤት የምትገልጸውም አድራጊው በማይታወቅበት አነጋገር ነበር፦ "ታይቷል"፣ "ተረጋግጧል"። ማን እንዳረጋገጠው አይታወቅም።

ለምን እንደደበቀችው ጠየቅኳት። "ጥያቄዬ ትንሽ መስሎኝ፤ ደግሞም እኔ እኔ ማለት ነውር ሆኖብኝ" አለች። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያደግንበት ትሕትና የከበረ ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት በእሱ ነው። ግን ገምጋሚው ሊያውቃት የሚችለው በዚያ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለችውን ሴት ሊመርጣት አይችልም።

ከዚህ የከበደ ነገር ደግሞ ከሳምንት በኋላ መጣ። ለማስረዳት በምሳሌ ልጀምር። አራት ቤቶች በአንድ አደባባይ ዙሪያ ቆመዋል እንበል። ማንኛውም ቤት በግራና በቀኝ ካሉት ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር አንድ ቀለም መጋራት የለበትም። ሦስት ቀለም ብቻ ካለን ቤቶቹን በ18 መንገድ መቀባት እንችላለን። የቀለሞቹ ብዛት በተለወጠ ቁጥር የመንገዶቹን ብዛት የሚሰጥ፣ ፖሊኖሚያል የሚባል አንድ ቀመር አለ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን ትተን ካየነው የዚህ አደባባይ ፖሊኖሚያል ኮኤፊሸንቶች (በቀመሩ ውስጥ የሚያባዙት ቁጥሮች) 1፣ 4፣ 6፣ 3 ናቸው። ይወጣሉ፤ ከዚያ ይወርዳሉ፤ መውረድ ከጀመሩ በኋላ ተመልሰው አይወጡም። ሒሳብ አዋቂው ሮናልድ ሪድ በ1968 ይህ ለማንኛውም ግራፍ እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ። ጁን ኸህ በ2012 በታተመ ጽሑፉ አረጋገጠው፤ በ2022 በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ከተሸለሙት አራት ሒሳብ አዋቂዎች አንዱም ሆነ።

የባልደረባዬ ጥያቄ በግራፉ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ሲይዝስ ይህ መውጣትና መውረድ ይጸናል ወይ የሚል ነበር። ምልክት ያላቸውን ግራፎች ቅለማ ቶማስ ዛስላቭስኪ በ1982 አጥንቶታል፤ እሷም የዶክትሬት ሥራዋን በእሱ ላይ መሥርታለች። በመግለጫዋ ጥያቄው መልስ እንዳላገኘ ጽፋለች። ነገር ግን አዲፕራሲቶ፣ ኸህና ካትዝ በ2018 በታተመ ሥራቸው ማትሮይድ ለሚባለው እጅግ ሰፊ የሒሳብ ቤተሰብ በሙሉ አረጋግጠውታል፤ የምልክት ግራፎችም በዚያ ውስጥ ይካተታሉ። ለዘርፉ ሰው ይህ ከታወቀ ውጤት በአንድ እርምጃ የሚገኝ ነው።

ይህን ያገኘነው ዜድቢማት ኦፕን በተባለው የሒሳብ ጽሑፎች ማውጫ ላይ ነው። ማውጫው ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ክፍት ነው። በዚያው ሆቴል የኸህን ጽሑፍ ማን ማን እንደጠቀሰው እየተከታተልን ሄድን፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረስንበት። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው። የሁለት ዓመት ሐሳብ ነበር። የምላት አጣሁ።

ለአሥር ቀን ያህል አልተገናኘንም። ከዚያ ባለ ካሬ ደብተር ይዛ ቢሮዬ መጣች። ደብተሩ ውስጥ በዶክትሬት ዘመኗ በእጇ ያሰላቻቸው ሠንጠረዦች አሉ፤ ስምንት ነጥብ ያላቸው ግራፎች ድረስ። ቁጥሮቹን እያሳየች "ጋሼ፣ እነዚህ ላይ መውጣትና መውረዱ ሰዎቹ ካረጋገጡት የጠበቀ ነው" አለችኝ። በተከታታይ ኮኤፊሸንቶች መካከል ለሁሉም ግራፍ የሚሠራውን የመብለጥና የማነስ ንጽጽር ማሻሻል አይቻል ይሆናል፤ ለተወሰነ ቤተሰብ ግን ከዚያ የጠበቀ ንጽጽር ሊኖር ይችላል። አዲሱ ጥያቄ ይህ ሆነ። ከፊተኛው ያነሰ ይመስላል፤ ግን የራሷ ነው፤ በእጇም ማስረጃ አለ።

አዲሱ መግለጫ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በ"አረጋግጫለሁ" ያልቃል። ሁለተኛው አንቀጽ ጥያቄውን፣ ሦስተኛው እስካሁን ያሰላችውን ይናገራል። ቀጥሎ ዘዴዋ የት ላይ ሊሰናከል እንደሚችልና ያኔ ምን እንደምታደርግ ጽፋለች። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህኛው አንቀጽ ነው፤ በሥራው ውስጥ ያለፈ ሰው ብቻ ነውና እንቅፋቱ የት እንዳለ የሚያውቀው።

ምስክሮቹና ተቀባዩ ተመራማሪ

በመጀመሪያው ዙር ከቀረቡት ደብዳቤዎች የአንዱን ቅጂ አይቻለሁ። ዘጠኝ መስመር ነው፤ ማኅተም አለው። ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለባልደረቦቿ አክብሮት ያላት እንደሆነች ይመሰክራል። ሁሉም ትክክል ነው። ምን እንዳረጋገጠች የሚናገር ቃል ግን አንድም የለም። እኛ አገር የፈራሚው ማዕረግ ለደብዳቤው ክብደት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ትልቅ ወንበር ላይ ያለ ሰው ፈለግን። በምርምር ተቋም ዘንድ ግን "የሁለተኛው ምዕራፍ ሐሳብ ከእሷ የመጣ ነው፤ እኔ መጀመሪያ አላመንኩበትም ነበር" የሚል የአንድ አማካሪ ቃል ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

በሁለተኛው ዙር ምስክሮቹ ተለወጡ፦ አማካሪዋ፣ የዶክትሬት ጽሑፏን ከውጭ ሆነው የገመገሙት መምህርና አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ። ለእያንዳንዳቸው ከስድስት ሳምንት በፊት መግለጫዋን፣ የሥራ ዝርዝሯንና ተቋሙ የሚፈልገውን ላከች። የማስገቢያው ቀን አሥር ቀን ሲቀረው ደውላ ደብዳቤው መግባቱን ጠየቀች። መደወሉ ድፍረት መስሏት ነበር፤ አማካሪዋ ግን አመሰገኗት።

ሦስተኛው ምስክር የተገኘበት መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለ11 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልካለች። ለሁሉም ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ይለወጣል፤ በምስጋና ይጀምርና ዕድል እንዲሰጣት በመለመን ያበቃል። አንድም መልስ አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ ሰባት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። የትኛውን ጽሑፉን እንዳነበበች፣ በውስጡ ያለው አንድ ቅድመ ሁኔታ እስከ ስምንት ነጥብ ባሰላቻቸው ግራፎች ላይ ሳያስፈልግ መቅረቱን ገልጻ፣ ይህ የታወቀ ነገር መሆኑን ጠየቀች። የደብተሩን አንድ ገጽ ስካን አድርጋ አያያዘች። ዕድልም ገንዘብም አልጠየቀችም። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፦ ዘጠኝ ነጥብ ላይስ ምን ይሆናል? ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ተጻጻፉ። በመጨረሻ ወደ እነሱ እንድትመጣ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ተመራማሪው ነው።

በዚሁ ጊዜ የስሟን ጉዳይ አስተካከለች። በፓስፖርቷ ላይ ያለውን አጻጻፍ ቋሚ አደረገች፤ ኦርኪድ በሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ሥር ሦስቱንም ጽሑፎች ሰበሰበች። አዲስ ሥራዋን አርካይቭ በተባለው ክፍት ማኅደር ላይ አስቀመጠች፤ ለአዲስ ጸሐፊ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ አማካሪዋ ሰጧት። በክፍያ የታተሙትን ሁለት ጽሑፎች ከዝርዝሩ እንድታወጣ መክሬያት ነበር። "አሳትሜያቸዋለሁ፤ አልደብቃቸውም" ብላ አልተቀበለችኝም። በዝርዝሩ ውስጥ ተዋቸው፤ ገምጋሚዎች እንዲያነቧቸው ከመረጠቻቸው ሥራዎች ግን አላካተተቻቸውም። ልክ ነበረች።

ፈቃድ፣ ቪዛና የጉዞ ወጪ

የመሥሪያ ቤቷ የፈቃድ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ሲዞር ሰባት ሳምንት ፈጀ። ቀድማ ስለጀመረች ደረሰላት። ለቪዛ ሁለት ጊዜ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ተመላልሳለች። የአውሮፕላን ትኬቱን ተቋሙ የሚተካው ከደረሰች በኋላ ስለሆነ ገንዘቡን አስቀድማ ማግኘት ነበረባት። ያገኘችው ከመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የወጣላት አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ተራዋን ለቀቀችላት። ይህን ደግ ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

የተሳካውና ያልተሳካው

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሁለት መልሶች መጡ። የሙሉ ዓመቱ ፌሎውሺፕ አሁንም አልተሳካም፤ ይህን ጊዜ ግን በተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር። ሁለት ወር በተቀባዩ ተመራማሪ ዘንድ እንድትሠራ የጠየቀችው ግን ተፈቀደ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሁለቱን ወር እዚያ ቆይታ ተመለሰች።

የጥያቄው መለወጥ፣ የምስክሮቹ መለወጥና ያቺ ሰባት ዓረፍተ ነገር ኢሜይል ሠርተዋል። ያልተሳካውም ብዙ ነው። የማስተማር ጫናዋ አልቀነሰላትም፤ ከመሄዷ በፊት የሁለት ወር ትምህርት በአምስት ሳምንት ጨምቃ አስተምራለች፤ ለእሷም ለተማሪዎቿም ከባድ ነበር። ከተቋሙ ሳምንታዊ ሴሚናር ጋር ከጎንደር ሆና በኢንተርኔት ለመገናኘት የሞከረችው ሙከራ ከሦስት ጊዜ በላይ አልዘለቀም። ልጇን ይዛ መሄድ የምትችልበት መንገድም አልተገኘም፤ ከእናቷ ዘንድ ትታው ሄደች። ይህን የትኛውም ቅጽ አይጠይቅም፤ ውሳኔውን ከሁሉ በላይ ያከበደባት ግን እሱ ነበር።

ለሌሎች አመልካቾች የሚጠቅሙ ነጥቦች

በመግለጫችሁ ላይ ያደረግነውን የእርሳስ ፈተና እናንተም አድርጉት። ሌላ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን አንቀጽ ሁሉ አጥሩና የቀረውን ተመልከቱ። የቀረው ግማሽ ገጽ ብቻ ከሆነ መጀመር ያለባችሁ ከዚያ ግማሽ ገጽ ነው። ጥያቄያችሁ ቀድሞ መልስ አግኝቶ እንደሆነ መፈተሽም ከመጻፍ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። እዚህ ሆነን የሰማነው ዜና ይዘገይብናል፤ ክፍት ማውጫዎቹ ግን ሳይዘገዩ ይደርሱናል።

ከዓመቱ ፌሎውሺፕ በፊት አጭሩን ጉብኝት ጠይቁ። በተጠባባቂነት መያዟና በጉብኝቱ ያገኘችው የሥራ አጋር የአንድ መንገድ ደረጃዎች ናቸው። አጭሩ ጉብኝት ከሁለት ወር ሥራ በተጨማሪ ለሚቀጥለው ማመልከቻ እናንተን የሚያውቅ ምስክር ይሰጣችኋል። ምስክር ስትመርጡ ደግሞ ሥራችሁን አንብቦ የተከራከራችሁን ሰው አስቀድሙ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ የማይለዋወጥ ኢሜይልና አንድ የማይቋረጥ መስመር ያለው ክፍል ለአመልካቾች ብታዘጋጁ፣ አመልካቾቹን ስታበረታቱ ከምትናገሩት የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ስለ ቀኑም፦ የማስገቢያውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከሰዓቱ ጋር ጻፉት፤ የራሳችሁን ቀነ ገደብም ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ። በዲሴምበር የመካከለኛው አውሮፓ እኩለ ሌሊት በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ደግሞ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ባልደረባዬ የሦስተኛውን ዓመት ማመልከቻዋን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አስገብታለች፤ የመጨረሻው ቀን ኅዳር 22 ነበር። ቀጣዩ መዛነፍ ሩቅ አይደለም፤ 2019 ዓ.ም. ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በ2020 ዓ.ም. ዲሴምበር 1 እንደገና ኅዳር 21፣ በጽዮን ቀን ይውላል።